ጭስ የማይሸታት ማርሚታ ሠሪ

የጋራዦቹ መንደር ሰው «ብረቷ» ይላታል። ስሙን ያወጣላት ጎረቤቷ ጎሚስታው ነው። አንድ ቀን የጋለ ቧንቧ እግሯ ላይ ሲወድቅ «እህ» እንኳ ሳትል በጉጠት አንስታ መልሳ የብረት መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ ስታስረው አየና፣ «ይቺ ሴትዮ ተወልዳ አይደለም፤ ተበይዳ ነው የመጣችው» ብሎ አስወራባት። ከዚያ ወዲህ በስሟ የሚጠራት ጠፋ። ሥራዋ ማርሚታ ነው፤ የመኪና ጭስ መውጫ ቧንቧ ታጥፋለች፣ ትቆርጣለች፣ ትበይዳለች፣ ድምፅ ማፈኛውን ትሠራለች። በዚያ ሁሉ ወንድ መሃል ሴት እሷ ብቻ በመሆኗ፣ ሰው ፍርሃት የሚባል ነገር ያልፈጠረባት ይመስለው ነበር።

ብረቷ ግን ፈሪ ነበረች። በክሪክ የተነሣ መኪና ሥር ከመግባቷ በፊት ጎማውን በድንጋይ ታስደግፋለች፤ ድንጋዩን ደግሞ በእንጨት። ጎሚስታው ይህን ሲያይ፣ «እትዬ፣ እንጨቱንስ ማን ይያዘው? ልምጣና ልቁምልሽ?» እያለ ይስቅባት ነበር። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ሆዷ ግን አይስቅም። እሳት ትፈራለች፣ ቤንዚን ትፈራለች፣ የራሷን ብየዳ ትፈራለች። ፍርሃቷ እጇን አያንቀጠቅጠውም፤ ከእምብርቷ በላይ ተቀምጦ እንደ ድመት ያንጎራጉራል እንጂ። ከሁሉ አብልጦ የሚያስፈራትን ነገር ደግሞ ከታላቅ ወንድሟ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። አፍንጫዋ አይሠራም።

የወሰደባት አንድ ክፉ ጉንፋን ነው። ትኩሳቱ ሄደ፣ ሳሉ ሄደ፣ ሽታ ግን ሳይመለስ ቀረ። መጀመሪያ ነገሬ አላለችውም። ሽንኩርት ሲያርባት፣ ወተት ተበላሽቶ ስትጠጣው፣ «አይ እርጅና» እያለች አለፈችው። አንድ ጠዋት ግን ምድጃ ልታቀጣጥል ክብሪቱን ወደ ቀፎው እንዳስጠጋች ወንድሟ ከበሩ ላይ፣ «አንቺ! እንዳትጭሪው!» ብሎ ጮኸ። የጋዙ መክፈቻ ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ አድሮ ቤቱ በጋዝ ታፍኗል። እሷ ምንም አልሸተታትም። ክብሪቱን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቅቆ የወሰደባት ወንድሟ ነው።

ይህ ወንድሟ እናትም አባትም ሆኖ ያሳደጋት፣ ሙያውንም ያስተማራት ሰው ነው። ዕድሜ ልኩን ያየው የብየዳ ብርሃን ዓይኖቹን አደብዝዟቸው ነበርና በዚያን ጊዜ ሰው ከግድግዳ የሚለየው በጥላው ብቻ ነው። ያን ዕለት ምድጃው አጠገብ እንደተቀመጡ፣ «በይ እንግዲህ» አላት፣ «አንቺ ዓይን ሁኚኝ፣ እኔ አፍንጫ እሆንሻለሁ። ሁለት ጎዶሎ አንድ ሙሉ ያወጣል።»

«ለሰው እንዳትነግርብኝ፣ ጋሼ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

«መድኃኒት እንደሌለው ሐኪሙ ነግሮኛል። ጭስ የማይሸታት ማርሚታ ሠሪ ጋ ማን መኪናውን ያመጣል?»

ወንድሟ ለማንም አልነገረም። ከዚያ ወዲህ አንድ መኪና ተሠርቶ ሞተሩ ሲነሣ፣ እሱ አንድ እጁን ጣሪያው ላይ አሳርፎ ቀስ እያለ ይዞረዋል። በየመጋጠሚያው ጎንበስ ይላል፣ በመስኮቱ አንገቱን ያስገባል፣ ወለሉን ያሸታል። የሚያፈስ ቦታ ካለ በጣቱ መታ መታ ያደርጋል፤ እሷ ትደፍናለች። ደንበኞቹ የአንድ አንጋፋ ባለሙያ ምርቃት ይመስላቸው ነበር። «ጋሼ ሳያሸተው መኪና አይወጣም» የሚለው ነገር እንደ ማስታወቂያ ሆነላቸው።

ይህ እንዲህ እያለ ሳለ ነው የጥርስ ሐኪሙ ያችን መኪና ይዞ የመጣው።

እንደዚያ ያለ መኪና ወደዚያ ሰፈር መጥቶ አያውቅም። ሁለት በር፣ ሁለት መቀመጫ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ ሸራ፣ ፊቷ እንደ አዞ አፍ የረዘመ፤ ቁመቷ ከሰው ወገብ አይበልጥም። ጥቁር አረንጓዴ ቀለሟ ስንት ዓመት ተወልውሎ መስተዋት ሆኗል። ሥራ የፈታውም ሥራ ያልፈታውም ከየጋራዡ ወጥቶ ከበባት። ከሐኪሙ ጎን የተቀመጡት አባቱ ነበሩ፤ ከሲታ ሽማግሌ፣ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሃል ያቆሙ። በወጣትነታቸው በዚህች መኪና ውድድር ይነዱ ነበር አሉ።

«አባባ ድምፁን አልወደደውም» አለ ሐኪሙ፣ እንደማፈር ብሎ። «እኔ አዲስ ማርሚታ ካስገጠምኩላት ወዲህ አልነዳም ብሏል።»

«ጉንፋን ይዟታል» አሉ ሽማግሌው። «በአፍንጫዋ ነው የምታወራው። ድሮ ስትናገር ሰው በሩን ከፍቶ ይወጣ ነበር።»

ጎሚስታው ሳቀ፤ ሁሉም ሳቀ። ብረቷ ፈገግ ለማለት ሞከረች።

ሽማግሌው የፈለጉት ቧንቧው እንደ ድሮው ከጎን፣ ከተሳፋሪው በር ሥር እንዲወጣላቸው ነው። ብረቷ መኪና ከሥር የሚታይበት ጉድጓድ ውስጥ ገብታ የመኪናዋን ሆድ አየችው። ቧንቧው ከሞተሩ ወርዶ በወለሉ ሥር ያልፍና ወደ ጎን መታጠፍ አለበት። ማለትም ጭሱ የሚወጣው ከተሳፋሪው እግር ሥር ነው። ያች የፍርሃቷ ድመት ነቃች።

«አባባ፣ ወደ ኋላ ቢወጣ አይሻልም?» አለች ከጉድጓዱ ብቅ ብላ። «ከጎን ሲሆን ጭሱ ሩቅ አይሄድም።»

«እኔም ብዬው ነበር፤ እምቢ አለ» አለ ሐኪሙ።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው፣ ወደ እሷ ዝቅ ብለው። «እኔ ከዚህ በኋላ ስንት ጊዜ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ? አንዴ ድምጿን ልስማው፤ ከዚያ ከፈለጋችሁ ቆርጣችሁ ጣሉት።»

አንጀቷን በሏት። እሺ አለች።

ሥራው በጥንቃቄ ሄደ። በመጀመሪያ አዲሱን ማርሚታ ፈትታ አወረደች። ከዚያ ቀጭን ሽቦ ወስዳ በመኪናዋ ሆድ ሥር ቧንቧው በሚሄድበት መንገድ እያጠፈች ልኩን አወጣች፤ የቧንቧውም እጥፋት በዚያው በሽቦው ልክ በማጠፊያው ተጎበጠ። ጫፉን ከመኪናዋ አካል አውጥታ ወደ ውጭ አዘነበለችው፤ ጭሱ ከበሩ እንዲርቅ። ማፈኛውን ራሷ ሠራችው፤ የተበሳሳ ቱቦ፣ ቱቦው ላይ የብረት ክር ተጠቅልሎ፣ ከላዩ ላሜራ። የመጀመሪያው ሲሞከር ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ «ገና አልዳነችም» አሉ። ሁለተኛው እንደ ባዶ በርሜል ተንጫጫ። ሦስተኛው ሲነሣ ሽማግሌው እጃቸውን ወደ ላይ አደረጉና አዳመጡ። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ከመሬት የሚመጣ ይመስላል፤ ደረት ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ጎሚስታው ጎማ መፍታቱን ትቶ በሩ ላይ ቆመ። ሽማግሌው መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ ጣል አድርገው ቆዩና፣ «እሷ ናት» አሉ።

የቧንቧውን ማንጠልጠያ ለመበየድ ግን ብረቷ አንድ ነገር አድርጋ ነበር። የመኪናዋ ወለል ላይ ሠሪዎቹ የተዋቸው የቡና ሲኒ አፍ የሚያካክሉ ቀዳዳዎች ነበሩበት፤ በላስቲክ የተደፈኑ። ላስቲኮቹ በብየዳው እንዳይቀልጡ ምንጣፉን ገለጠች፣ ላስቲኮቹን ነቀለች፣ ሥራ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠች። እሳት የሚፈራ ሰው ጥንቃቄ ነው።

በዚያው ሳምንት ወንድሟ ሲጠብቀው የቆየው የዓይን ቀዶ ሕክምና ተራ ድንገት ደረሰ። ሐኪም ቤት አስተኝታው ተመለሰች። መኪናዋን እሱ እስኪመጣ ልታቆያት ነበር ሐሳቧ። የጥርስ ሐኪሙ ግን በማግስቱ ከሰዓት መጣባት።

«ነገ በጠዋት እንሄዳለን» አለ። «ከተራራው ማዶ የአባባ የውድድር ዘመን ጓደኛው ታሟል፤ አይቆይም ተብሏል። በዚች መኪና ሄጄ ድምጿን ካላሰማሁት ብሎ እንቅልፍ ነሣኝ።»

ብረቷ እጇን በጨርቅ ጠራረገች። ጣቶቿ ንጹሕ ከሆኑ በኋላም ጠራረገች። «ወንድሜ ቢያየው ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

«እሱ ዓይኑ አያይም አይደል እንዴ?» አለ ሐኪሙ በቅንነት።

ምላሷ ላይ የነበረውን ዋጠችው። ሞተሩን አስነሥታ የቧንቧውን አፍ በእርጥብ ጨርቅ አፈነችና ጆሮዋን ጥላ አዳመጠች፤ የሚያፏጭ የለም። በየመጋጠሚያው የሳሙና ውኃ ቀባች፤ አረፋ አልወጣም። ብየዳው እንከን የለውም። ላስቲኮቹን መለሰች፣ ምንጣፉን አነጠፈች፣ መስኮቱን ከፍታ በሰፈሩ አንድ ጊዜ ዞረች። መኪናዋ ሄደች። ብረቷ ያን ማታ ራት አልበላችም። «ሁሉን አይቻለሁ» አለች ለራሷ፤ ትንሽ ቆይታም ደገመችው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወንድሟን ከሐኪም ቤት አወጣችው። አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል። ቤት ግባ ብትለው ጋራዡን ካልረገጥኩ አለ። ዝናብ እየጣለ ነበር። ይዛው ገባች፤ ከጠረጴዛው ጎን አስቀመጠችው። እሱም እንደ ልማዱ ጠረጴዛው ላይ ያለውን በጣቱ እየዳሰሰ፣ «ይሄን መዶሻ ምነው እዚህ ጣልሽው፣ ይሄ ሞረድ ደንዝዟል» እያለ ይለቅም ጀመር። ከአንድ የቆሸሸ ጨርቅ ሥር አንዲት ነገር አገኘ። ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ለስላሳ። ወደ አፍንጫው አስጠጋት።

«ይሄ ላስቲክ የምን ነው?»

ብረቷ ወደ እሱ ዞረች።

«የአሮጌ መኪና ወለል ይሸታል» አለ ወንድሟ። «እርጥብ ምንጣፍና የድሮ ቤንዚን። የማን ነው?»

ላስቲኩን ከእጁ ወሰደች። ከተሳፋሪው መቀመጫ ፊት ለፊት የነበረው ነው፤ ልክ ከቧንቧው እጥፋት በላይ። ወለሉ ተከፍቶ፣ በላዩ ምንጣፍ ብቻ ለብሶ ነው የሄደው። ዝናብ ነው፤ ሸራው ተከድኗል፤ መስኮቱ ተዘግቷል። መኪናዋ ስትሮጥ አየሩን ከሥር እየሳበች ታስገባለች። ጭሱ ደግሞ እንደ ሌባ ነው። የሚሸተው ክፍሉ ጥቂት ነው፤ የሚገድለው ክፍሉ ምንም ሽታ የለውም፤ ራስ ያሳምማል፣ ያንቀላፋል፣ ከዚያ አያስነሣም። እሷ መስኮቱን ዘግታ ብትነዳት እንኳ አይሸታትም ነበር። እንደ ጋሼ ጎንበስ ብሎ ወለሉን ያሸተተ ሰው ግን ይደርስበት ነበር።

«ጋሼ» አለች። «ጋሼ፣ ሰዎቹን ገደልኳቸው።»

ወንድሟ ተነሣ። ያስደነገጣት ነገር ምን እንደሆነ በሦስት ጥያቄ አወጣጣት፤ ከዚያ አልተቆጣም፣ አልጮኸም። «ስልኩን ስጪኝ፤ አንቺ ሂጂ» አለ ብቻ። የሐኪሙ ስልክ አይነሣም፤ ጥሪው ሳይደርስ ይቋረጣል። ወደ ክሊኒኩ ሲደወል ረዳቱ፣ «ጠዋት ነው የወጡት፤ ዝናቡን አይተው ሸራውን ከድነው» አለች። ብረቷ ዝናቡ ውስጥ ሮጣ ጎሚስታው በር ላይ ቆመች።

«ፒካፕህን አስነሣ።»

«እትዬ፣ ማን ሞተ?» አለ እየሳቀ። ፊቷን ሲያይ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ቁልፉን ይዞ ወጣ።

ከከተማው ሲወጡ ነገረችው፤ የላስቲኩን ብቻ ሳይሆን የአፍንጫዋንም። ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንድሟ ሌላ ለሰው መናገሯ ነው፤ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንደ ሌላ ሰው ነገር ሰማችው። ጎሚስታው ለወትሮው ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያጣ ሰው፣ ዝናብ መጥረጊያውን እያየ፣ «እኔ ደግሞ የበሰበሰ ጎማ ይዤብሽ ስመጣ ዝም የምትይው ከትዕግሥት መስሎኝ» አለ። ሊያስቃት ነው። አልሳቀችም። ነዳጁን ረገጠው።

ከተራራው ሥር ያለው ነዳጅ ማደያ ሲደርሱ ብረቷ መኪናው ሳይቆም ዘላ ወረደች። ቀጂው ልጅ መኪናዋን በደንብ ያስታውሳታል።

«ያቺ አረንጓዴ? ድምጿ ልብ ያርዳል እኮ!» አለ ዓይኑ እያበራ። «አላፊ አግዳሚው ሁሉ ቆሞ ነው ያያት።»

«ሰዎቹስ? እንዴት ነበሩ?»

«ደህና ናቸው። ሽማግሌው ተኝተው ነበር። ልጅየው ራሴን አመመኝ ብሎ ክኒን ገዝቶ ሄደ።»

ብረቷ ማደያው ምሰሶ ላይ ተደገፈች። ያንን ሁሉ ጫጫታ የሚያሰማ መኪና ውስጥ፣ ስንት ዓመት የናፈቃቸውን ድምፅ እየሰሙ፣ ሽማግሌው ተኝተዋል። ጎሚስታው በክንዷ ይዞ ጎትቶ አስገባት።

መንገዱ ሽቅብ እየተጠማዘዘ ይወጣል። ዝናቡ ቀነሰ፤ በፈንታው ጉም ወረደ። ብረቷ በግራዋ ካለው ገደል ላይ ዓይኗን ማንሣት አልቻለችም። በየመታጠፊያው የተሰበረ ነገር ትፈልጋለች፤ እንዳታገኝ ደግሞ ትለምናለች። አንድ ቦታ የመንገዱ ዳር የብረት አጥር ተጎምዶ ወደ ገደሉ ተንጠልጥሏል።

«ቁም!»

ወረደች። ጫፉ ድረስ ሄደች። ከታች ጉም ብቻ ነው። የተሰበረውን ብረት ነካችው፤ ስብራቱ ዝጓል። የቆየ ነው። ሌላ ሰው ነው፣ ሌላ ቀን የወደቀ። «ተመስገን» ልትል አፏን ከፍታ፣ ለማን ሞት እንደምታመሰግን ስታስበው አፏን መልሳ ዘጋች። የፈሩት ይደርሳል ይላሉ፤ እሷ ደግሞ ስንቱን ነገር ስትፈራ ኖራለች።

ጫፉ አጠገብ እንደቆመች ነው የሰማችው። ከፊት፣ ከጉሙ ውስጥ፣ ዝቅ ያለ ወፍራም ድምፅ። ከመሬት የሚወጣ ይመስላል። አይርቅም፣ አይቀርብም። ያንን ድምፅ ሠርታዋለችና አትስተውም። መኪናዋ ቆማለች፤ ሞተሯ ግን እየሠራ ነው።

ፒካፑን ሳትጠብቅ ሮጠች። ከመታጠፊያው ወዲያ አረንጓዴዋ መኪና አንድ ጎማዋን ቦይ ውስጥ ከትታ ዘንበል ብላለች። የሹፌሩ በር ተከፍቶ ሐኪሙ ግማሽ አካሉ ጭቃው ላይ፣ እግሮቹ ውስጥ ናቸው። አስመልሶታል። ሊወርድ ብሎ ጉልበት ከድቶት ነው የወደቀው፤ ያተረፈውም ያ መውደቁ ነው። ዓይኑን ገለጥ አድርጎ፣ «አባባ» አለ። ሌላ ቃል አልነበረውም።

ብረቷ በእሱ ላይ ተሻግራ ቁልፉን አጠፋች። ፀጥታው ከድምፁ ይልቅ አስፈራት።

ሽማግሌው አንገታቸው በመስኮቱ በኩል ወድቋል። ፊታቸው ቀልቷል፤ ጤነኛ ሰው ይመስላሉ፣ እንደ ጎረምሳ ጉንጭ ቀልቷል። ያ ቀለም የጭስ መመረዝ ምልክት መሆኑን በሙያው ያለ ሰው ያውቀዋል። በእሳቸው በኩል ያለው በር አልከፈት አለ፤ ቦዩ ይዞታል። ኪሷ ውስጥ የነበረውን ላሜራ መቁረጫ አውጥታ ያንን ለስንት ዓመት የተጠበቀ ሸራ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀደደችው። ጎሚስታው ደርሶ በብብታቸው ያዘ፣ እሷ እግራቸውን፤ በላይ በኩል አወጧቸው። ልብስ የለበሰ አጥንት ያህል ነው የሚመዝኑት።

«አባባ! አባባ፣ ይስሙኝ!»

መልስ የለም። ዝናቡ ፊታቸው ላይ ያርፋል፤ ሽፋሽፍታቸው አይንቀሳቀስም። ጉንጯን አፋቸው ላይ አስጠጋች። በአፍንጫዋ የሚመጣ ነገር ስለሌለ በቆዳዋ ጠበቀች። ቆይቶ፣ ብዙ ቆይቶ፣ ትንሽ ሙቀት ነካት። ከዚያ ጠፋ። ከዚያ እንደገና።

«አሉ» አለች። «አሉ፣ አሉ፣ አሉ።»

ሐኪሙን ከፊት አስቀመጡት፣ መስኮቱን ከፍተው። እሷ ሽማግሌውን አቅፋ ከኋላ፣ ክፍቱ መጫኛ ላይ ተቀመጠች፤ የሚያስፈልጋቸው ንጹሕ አየር ነውና። ጎሚስታው ሸራ ወረወረላት። እስከ ማዶው ከተማ ድረስ ጉንጯን ከአፋቸው አላነሣችም። በየመታጠፊያው ትንፋሹ ይጠፋባታል፤ ነፍሷ አብራው ትወጣለች፤ ይመለሳል፤ እሷም ትመለሳለች። እግዜርን ለመነችው፤ እናቷን ጠራች፤ የምትችለውንም የማትችለውንም ስለት ተሳለች።

የጤና ጣቢያዋ ነርስ ሽማግሌውን አልጋ ላይ እያስተኛች፣ «ምን ሆነው ነው?» አለች።

«ጭስ ነው፤ የመኪና ጭስ» አለች ብረቷ። ብዙ ሰው ተሰብስቦ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ወለሉ ላይ ቀዳዳ ትቼ ነው። እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ኦክስጅን ተደረገላቸው፤ ለአባትም ለልጅም። ብረቷ ኮሪደሩ ላይ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃ ቆመች። ወንበር ነበር፤ መቀመጥ ግን አልደፈረችም፤ ከተቀመጠች አንድ ክፉ ነገር የሚመጣ መሰላት። ጎሚስታው ከወንድሟ ጋር በስልክ አወራ፤ ሊያገናኛት ሲል በእጇ አይሆንም አለችው። ጋሼን ከሰማች ታለቅሳለች፤ ማልቀስ ደግሞ የሚገባት አልመሰላትም።

ሐኪሙ ቀድሞ ተሻለው። ፊቱ አመድ መስሎ፣ ግድግዳ ይዞ መጣ። ከፊቷ ቆመ።

«ነርሷ የነገረችኝ እውነት ነው?»

«እውነት ነው። አንድ ላስቲክ ሳልመልስ ቀርቼ። ሌላም አለ።» አፍንጫዋን በጣቷ ነካች። «ሽታ አይሸተኝም። ከታመምኩ ወዲህ ምንም አይሸተኝም። ወንድሜ ነበር የሚያሸትልኝ። ትናንት እሱን ጠብቁ ማለት ነበረብኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፈራሁ።»

«ከዚህ ሂጂልኝ» አለ ሐኪሙ። «አባቴ ሲነቃ አንቺን እንዲያይ አልፈልግም።»

ሄደች። የሄደችው ግን እስከ ግቢው በር ነው። እዚያ ዝናብ ላይ ቆማ ጠበቀች። ጎሚስታው ገባ ወጣ እያለ ወሬ ያመጣላታል፤ «ጣታቸው ተንቀሳቀሰ»፣ «ውኃ ጠየቁ»። ወደ ማታ ግድም መጥቶ፣ «ነቅተዋል እትዬ፤ ግን ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ነው የሚጠሩት» አላት። ያኔ ነው የግቢው በር ሥር ቁጭ ያለችው።

ሽማግሌው ተረፉ። ስሙን የመሳሳቱ ነገር ቀስ በቀስ ለቀቃቸው፤ ቀኝ እጃቸው ላይ ግን መንቀጥቀጥ ቀረ፤ አንዳንድ ቃልም በመሃል ይጠፋባቸዋል። ያ የታመመው ጓደኛቸው እነሱ ጤና ጣቢያ ሳሉ አረፈ። መኪናዋንም አላየ፣ ድምጿንም አልሰማ። ብረቷ ይህን የሰማች ዕለት ጋራዥዋን ዘግታ ዋለች።

ሐኪሙ ሊከሳት ይችል ነበር፤ አልከሰሳትም። ስልኳን ግን አያነሣም። እሷም ሌላ ደንበኛ ሲመጣ ገና መኪናው ሳይገባ፣ «ሽታ አይሸተኝም፤ ይወቁት» ማለት ጀመረች። አንዳንዱ ይስቃል፤ አንዳንዱ ማርሹን ወደ ኋላ ከትቶ ይሄዳል። ሥራው ግማሽ በግማሽ ቀነሰ። የወንድሟ ዓይን ፋሻው ሲፈታ በደንብ አየ። መጀመሪያ ያየው የእሷን ፊት ነው፤ «ውይ፣ እንዲህ ነው እንዴ የከሳሽው!» አለና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። በኋላ ሁለቱ ተማክረው መርዛማውን ጭስ የምትለካ አንዲት ትንሽ መሣሪያ ገዙ፤ መኪና ውስጥ ተቀምጣ ጭስ ካለ የምትጮኽ። ወንድሟ ዓይን ቢያገኝም ማሽተቱን አላቆመም፤ እሷ ግን ከመሣሪያዋም ከአፍንጫውም በኋላ አንድ በአንድ የወለሉን ላስቲክ በጣቷ ሳትጫን መኪና አትለቅም።

በጋው ሲገባ አረንጓዴዋ መኪና አዲስ ሸራ ለብሳ በጭነት መኪና ላይ ሆና መጣች። ሐኪሙ ከጋቢናው ወረደ፤ ብቻውን ነው። ሰላምታው አጭር ነበር።

«ቧንቧውን ወደ ኋላ አዙሪልኝ» አለ። «ሌላ ጋራዥ ወስጃት ነበር። ልኳን አላገኙትም።»

እጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ተንቀጠቀጠ። ወንድሟ ከጎኗ ቆሞ መሣሪያ እያቀበላት ሠራችው። ሲያልቅ መሣሪያዋን አብርታ መኪናዋ ውስጥ ልትገባ ስትል ሐኪሙ ቀደማትና በተሳፋሪው ወንበር፣ አባቱ በተቀመጡበት፣ ገብቶ ተቀመጠ።

«እኔ ብቻዬን እገባለሁ እንጂ፣ እርስዎ ይውጡ» አለች።

«አብረን እንሆናለን» አለ። «ዝጊው።»

በሩን ዘጋች፣ መስኮቱን ዘጋች፣ ሞተሩን አስነሣች። ትንሿ መሣሪያ በመሃላቸው፣ ከማርሹ ዘንግ አጠገብ ተቀምጣለች። ድምፁ ደረታቸው ውስጥ ገባ። ሐኪሙ ወለሉን ያያል፤ እሷ የመሣሪያዋን ቁጥር። መሣሪያዋ ዜሮ እንዳለች ቆየች። ወንድሟ ከውጭ በመስተዋቱ በኩል አንገቱን አቅርቦ ሁለቱንም በተራ እያየ ይጠብቃል። ሐኪሙ ረጅም ትንፋሽ በአፍንጫው ስቦ ያዘው፣ ቆየ፣ ለቀቀው።

«ምንም የለም» አለ። ሞተሩን ራሱ አጠፋው፤ በሩን ከፍቶ ወጣ።